የጤና መድን ደብተር ብቻውን አያሳክምም፦ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አገልግሎት ግምገማ

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ፣ እኔ እንጀራ ልገዛ ጎረቤቴ ቤት በገባሁበት ጠዋት፣ አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ በሩን አንኳክታ ገባች። ጎረቤቴ ልጃቸው ካረፈች ወዲህ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን እንጀራ ጋግረው በመሸጥ የሚያሳድጉ እናት ናቸው። ባለሙያዋ በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ የደም ግፊት መለኪያዋን ከቦርሳዋ አወጣች፤ እሳቸውም ሊጥ የነካ እጃቸውን በመቀነታቸው ጫፍ ጠርገው ክንዳቸውን ሰጧት። ቁጥሩ 170 በ100 ነበር። «እማማ፣ ራስዎን ያምዎታል?» ስትላቸው «ጭሱ ነው ልጄ፣ ሌላ ሕመም የለብኝም» አሏት። ጥቂት አረፍ አድርጋ ደግማ ለካቻቸው፤ ቁጥሩ አልወረደም። ከዚያም የጤና መድን እንዳላቸው ጠየቀቻቸው፤ አልነበራቸውም። ይህን የምጽፈው ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእሳቸው ጋር ወረዳና ጤና ጣቢያ እየተመላለስኩ ያየሁትን አገልግሎት ለሌሎችም ይጠቅማል በሚል እምነት ነው።

ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በአገራችን በ2003 ዓ.ም. በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በቀድሞው ደቡብ ክልል በሚገኙ 13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረ ሲሆን፣ የወር ደመወዝ የሌላቸውን፣ ማለትም ገበሬውን፣ ጉሊት ነጋዴውንና የቀን ሠራተኛውን፣ ታሳቢ ያደረገ ሥርዓት ነው። አባል የሚሆነው ግለሰብ ሳይሆን ቤተሰብ ነው፤ አባወራው ወይም እማወራዋ በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮ ይከፍሉና ቤተሰቡ ዓመቱን ሙሉ ውል በተገባባቸው ጤና ተቋማት ይታከማል። መዋጮውን ለመክፈል አቅም የሌላቸው ቤተሰቦች ደግሞ በአካባቢያቸው ኅብረተሰብ ተለይተው መንግሥት ይከፍልላቸዋል፤ የሚያገኙትም ሕክምና ከከፋዩ አባል ጋር እኩል ነው። ዕድር ለሚያውቅ ሰው አሠራሩ እንግዳ አይሆንበትም። ልዩነቱ ዕድር ከሞት በኋላ ሲደርስ ይህ ቀድሞ መድረሱ ነው፤ ይህን ለጎረቤቴ ያስረዳቻቸውም ባለሙያዋ ናት፤ ወዲያው ነው የገባቸው።

አገልግሎቱ በወረቀት ላይ ሲነበብ ያማረ ነው፤ ድሃውን የሚያደክመው ግን ወደ እሱ የሚያደርሰው መንገድ ነው። የጎረቤቴ የነዋሪነት መታወቂያ የአገልግሎት ጊዜው ካለፈ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። ልጆቹ እናታቸው በሕይወት ሳለች በሌላ ወረዳ ይኖሩ ስለነበር በአያታቸው የቤት ማኅደር ላይ አልተመዘገቡም፤ ማኅደሩ ላይ ካልሰፈሩ ደግሞ በመድኑ ደብተር ላይ በቤተሰብነት ሊገቡ አይችሉም። ለመመዝገብ ከቀድሞው ወረዳ መሸኛ ያስፈልጋል፤ ለደብተሩ የሁሉም ጉርድ ፎቶግራፍ ያስፈልጋል። ለእኔና ለእናንተ የአራት ሰው ፎቶግራፍ ዋጋ ቀላል ሊሆን ይችላል፤ እሳቸው ግን ያን ገንዘብ ለማግኘት የአንድ ቀን ጤፍ መግዣቸውን መንካት ነበረባቸው፤ ወረዳ ተሰልፈው የዋሉበትም ቀን እንጀራ ያልተጋገረበት ቀን ነበር። አንዲት ሠራተኛ «ነገ ይምጡ» ብትላቸው እኔ የማነበው እንደ ተራ መጉላላት ነው፤ ለእሳቸው ግን የልጆቹ የዕለት እራት ነው።

ይህን ሁሉ አልፈው ደብተሩን የያዙት በዚያች ባለሙያ ምክንያት ነው። የትኛው ወረቀት ከየትኛው እንደሚቀድም በእጅ ጽሑፏ ጽፋ ሰጠቻቸው፤ መጀመሪያ መሸኛው፣ ቀጥሎ ማኅደሩ፣ ከዚያ መታወቂያው፣ በመጨረሻ መድኑ። ማንበብ ስለማይችሉ ትልቁ ልጅ እያነበበላቸው ሄዱ። በሳምንቱ ተመልሳ የት እንደደረሱ ጠየቀቻቸው፤ አቅም የሌላቸው ቤተሰቦች በሚለዩበት ስብሰባ ላይ ስማቸው እንዳይዘለልም ለአካባቢው ኮሚቴ አስታወሰች። የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን በ2002 ዓ.ም. ሲጀመር በነርስነት የሠለጠኑ ባለሙያዎችን ቤት ለቤት ማሰማራቱ ትክክለኛ ውሳኔ እንደነበር የተረዳሁት ያኔ ነው። ጎረቤቴ ከዚያ በፊት የመድኑን ማስታወቂያ በድምፅ ማጉያ ሲነገር ብዙ ጊዜ ሰምተው ነበር፤ ነገር ግን እሳቸውን የሚመለከት አልመሰላቸውም።

በጤና ጣቢያው የተደረገላቸው ሕክምና መልካም ነበር። ካርድ ክፍል ደብተራቸውን አሳይተው ያለ ክፍያ ካርድ ወጣላቸው፤ በደም ምርመራ ስኳርም እንዳለባቸው ታወቀ፤ በየወሩ ለክትትል እንዲመጡ ተቀጠሩ። ለዓይናቸው ወደ ሆስፒታል ሲላኩ የሪፈር ወረቀት ተጻፈላቸው። እዚህ ላይ አንባቢን ማሳሰብ ግድ ይለኛል፤ ከድንገተኛ ሕመም በስተቀር መጀመሪያ የሚኬደው ወደ ጤና ጣቢያ ነው፤ ሪፈር ሳይዙ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል የሄደ አባል ከኪሱ ሊከፍል ይችላል። መድኑ ሁሉንም ነገር አይሸፍንም፤ መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስና ለውበት ሲባል የሚደረግ ሕክምና ከሽፋኑ ውጭ ናቸው።

የአገልግሎቱ ትልቁ ድክመት መድኃኒት ነው። በምንታከምበት ጤና ጣቢያ በተከታተልናቸው አሥር ወራት ውስጥ የስኳሩ መድኃኒት ሦስት ጊዜ አልነበረም። በመጀመሪያው ጊዜ የፋርማሲዋ ሠራተኛ የማዘዣ ወረቀቱን መልሳ «ከውጭ ይግዙት» አለቻቸው። ጎረቤቴ ወረቀቱን አጥፈው ደረታቸው ውስጥ ከተው ወደ ቤት ተመለሱ፤ ለማንም ሳይናገሩ አሥራ ሁለት ቀን ያለ መድኃኒት ቆዩ። የነገረችኝ ትንሿ ልጅ ናት። የመድን አባል መድኃኒት ሲያጣ ምን ማድረግ እንዳለበት፣ የትኛው ውል ያለው መድኃኒት ቤት ሊሰጠው እንደሚችልና ለማን አቤት እንደሚል የሚነግረው ሰው በመስኮቱ አጠገብ ሊኖር ይገባ ነበር። ደብተሩ በእጃቸው እያለ እንዲህ ዓይነት ነገር ሲደርስባቸው ማየት እጅግ አሳዝኖኛል። ይህ ካልተስተካከለ አቅም ያላቸው አባላትም መዋጯቸውን ማደሳቸውን ይተዋሉ፤ እነሱ ሲተዉ ደግሞ የመዋጮው ቋት ይደርቃል።

ከጤናው ጎን ካሉት ሌሎች ድጋፎች ጋር መገናኘት ግን ቀለል ብሏቸዋል። የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት በ2009 ዓ.ም. አዲስ አበባን ጨምሮ በ11 ከተሞች ሲጀመር መሥራት የሚችሉትን በአካባቢ ጽዳትና በመሳሰሉት ሥራዎች፣ የማይችሉትን በቀጥታ ድጋፍ እንዲያቅፍ ተደርጎ ነበር፤ ጎረቤቴ እስካሁን አልታቀፉም፤ ማመልከቻቸው ግን ከመድኑ ጋር የተስተካከሉት ወረቀቶች ስላሉት ሳይመለስ ለመታየት ገብቷል። ልጆቹ በመንግሥት ትምህርት ቤት ስለሚማሩ ቁርስና ምሳ እዚያው ይበላሉ። ለምገባው መሸኛም ሆነ ኮሚቴ አላስፈለገም፤ ልጁ ክፍል ከገባ ይበላል። ነፍሰ ጡሯን መከታተል፣ ማዋለድ፣ ክትባት፣ የቲቢና የኤችአይቪ ሕክምናም መድን ላለውና ለሌለው በነጻ የሚሰጡ ናቸው፤ ይህን የማያውቁ እናቶች በሰፈራችን እንዳሉ ስለማውቅ ደግሜ እጽፈዋለሁ።

አገልግሎቱን ለሚያስፈልጋቸው ሁሉ ያለ ማመንታት እመክራለሁ። የምዝገባና የእድሳት ወቅት በዓመት አንዴ ስለሆነ፣ ወቅቱ ሳይደርስ መታወቂያና የቤት ማኅደር ማስተካከል ይበጃል። አቅም አለን ብለው የሚያምኑ ጎረቤቶችም ከራሳቸው እድሳት ጋር የአንድ እናትን ፎቶግራፍ ወጪ ቢችሉ፣ ወይም ግማሽ ቀን አብረው ተሰልፈው ቢውሉ፣ ብዙ ይረዳሉ። ጎረቤቴ ባለፈው ሳምንት ለወርሃዊ ክትትላቸው ሄደው ነበር፤ ግፊታቸው 138 በ86 ነው፤ መድኃኒቱም በዚህ ወር አለ።