ዝናብ ይመልሳል፣ ውሃ ግን አይመልስም፦ የጓሮ መደብ የላስቲክ መሸፈኛ

በዝናባማ ፀደይ ጓሮ አትክልት የሚያለማ ቤተሰብ ትልቁ ሥራው መጠበቅ ነው። አፈሩ ጠፈፍ እስኪል ይጠብቃል፤ ከዘራ በኋላ ደግሞ ዘሩ ይብቀል ወይም ይበስብስ ሳያውቅ ይጠብቃል። ይህን መሸፈኛ የገዛነው ጥበቃውን ያሳጥርልናል ብለን ነበር። በእርግጥም አሳጥሮልናል። ካርቶኑ ላይ የታተመው «ከዝናብ ሙሉ መከላከያ» የሚለው ነገር ግን ግማሽ እውነት ነው።

ዕቃው ስድስት የብረት ቅስቶች፣ አንድ ግልጽ ላስቲክ፣ ካስማዎችና የፕላስቲክ መቆንጠጫዎች አሉት። ሲተከል 3 ሜትር ርዝመትና 1 ሜትር ስፋት ያለው መደብ ይሸፍናል፤ ከፍታው መሐሉ ላይ ግማሽ ሜትር ያህል ነው። ተከላው አያስቸግርም። ልጄ ቅስት እያቀበለችኝ ስሰካ እናቴ ከበረንዳው ሆና «ሰማይ በነጻ የሚሰጠውን ከልክለህ በባልዲ ልትቀዳላቸው ነው?» አለችኝ። እንደ ቀልድ አልፌው ነበር፤ ኋላ ግን ከመመሪያ ወረቀቱ ይልቅ የእርሷ ጥያቄ ወደ ቁም ነገሩ የቀረበ ሆኖ አገኘሁት።

ምክንያቱም ስሌቱ ይህ ነው፦ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ውሃ ይሆናል። 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ በጣለ ቁጥር ከዚህ ላስቲክ ላይ 30 ሊትር ውሃ ተንሸራትቶ ይወርዳል፤ የሚያርፈውም ሩቅ ቦታ ሳይሆን ግራና ቀኝ የመደቡ ጠርዝ ላይ ነው። መደቡ ከመተላለፊያው ከፍ ያላለ ከሆነ ያ ውሃ ከጎን ሰርጎ ተመልሶ ይገባል። በእኛ መደብ ታችኛው ጫፍ ወደ ዳር የተተከሉት ሰላጣዎች መጀመሪያ ቢጫ ሆኑ፤ ከዚያ ዝናብ ሳይነካቸው ጠወለጉ። አንዱን ነቅዬ ሳየው ነጭ መሆን የነበረበት ሥር ቡናማ ሆኖ በጣቴ ስነካው ይላላጣል፤ ሽታውም የረጋ ውሃ ሽታ ነው። ሥር አየር ይፈልጋል፤ የአፈሩን ቀዳዳ ሁሉ ውሃ ሲሞላው ታፍኖ ይሞታል። የሚገርመው በዚያው መደብ መሐል ላይ የላይኛው ሁለት ጣት አፈር ደርቆ ስለነበር ትንንሾቹን ችግኞች ማጠጣት ነበረብን። እናቴ ባልዲውን ስታቀብለኝ ምንም አላለችም፤ ፊቷ ግን ብሎ ጨርሷል።

መፍትሔው በሁለቱም ጎን አንድ አንድ ቦይ መቆፈርና ውሃውን ከመደቡ ማራቅ ነው። መደቡንም 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ማድረግ ይረዳል። ቦዩ ከተቆፈረ በኋላ ያ ታችኛው ጫፍ ተስተካክሏል። መመሪያው ላይ ስለዚህ አንድ መስመር እንኳ አለመኖሩ ያበሳጫል፤ ቅስት እንዴት እንደሚሰካ ለማሳየት ግን ስድስት ሥዕል ፈጅተዋል።

አሁን ወደ ደጉ ልምጣ። ይህ መሸፈኛ ለእኔ ዋጋውን ያወጣው በካሮት ነው። ካሮትን በአንድ ቀን ሸፍነንም ሳንሸፍንም ዘርተን ነበር። ባልተሸፈነው መደብ ላይ ከባዱ ዝናብ የላመውን አፈር ደበደበው፤ ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ ላዩ እንደ ሸክላ ደረቀ። የካሮት ቡቃያ ክር የሚያህል ነገር ስለሆነ ያንን ቅርፊት ሰብሮ ለመውጣት አቅም የለውም። ከዘሩም ገሚሱን ጎርፉ ጠርጎ አንድ ጥግ ላይ ከምሮት ኖሮ እዚያ ብቻ ተጠቅጥቆ በቀለ። ላስቲኩ ሥር ያለው ግን ልጄ በጣቷ ባሰመረችው መስመር ልክ፣ መስመሩ በተጣመመበት እየተጣመመ፣ ወጣ። በዚያ ላይ ጭቃ አይረጭባቸውም። ዝናብ ከመሬት አፈር ሲያስፈናጥር ለቅጠል በሽታ የሚሆኑ የፈንገስ ዘሮችንም አብሮ ስለሚያነሳ የታችኛው ቅጠል ንጹሕ መሆኑ የውበት ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ሌላው ጥቅሙ ከመዝራት በፊት ነው። ላስቲኩን ባዶ መደብ ላይ ቀድሞ መዘርጋት አፈሩን ያሞቀዋል፣ ያጠፍፈዋልም። መዝሪያው መድረሱን ለማወቅ አንድ እፍኝ አፈር ጨብጦ በጣት መንካት ይበቃል፤ ከተፈረፈረ ይዘራል፣ እንደ ድቡልቡል ጭቃ ከቀረ ገና ነው። እርጥብ አፈር ላይ ገብቶ መቆፈርና መርገጥ ለወራት የሚቆይ ጥቅጥቅ ያለ መሬት ይፈጥራል። የእኛ የተሸፈነው ሲፈረፈር ሌላው ገና ይቦካ ነበር። ይህ ለፎሶሊያ በጣም ይጠቅማል፤ አፈሩ 15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ካልደረሰ ቀዝቃዛ እርጥበት ውስጥ ተኝቶ ይበሰብሳል። አተር፣ ስፒናችና ሰላጣ ግን ከዚያ በጣም ባነሰ ሙቀት ስለሚበቅሉ ለእነርሱ ብሎ መሸፈኛ መግዛት አያስፈልግም።

መግዛት የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ቤተሰቡን አንድ ነገር ይጠይቅ፦ ጠዋት ጠዋት ማን ይከፍተዋል? ከዝናብ በኋላ ፀሐይ ብልጭ ስትል ውስጡ በፍጥነት ይግላል። ሁለቱ ጫፎች ካልተከፈቱ እርጥበቱ ላስቲኩ ላይ ጤዛ ሆኖ መልሶ ችግኙ ላይ ይንጠባጠባል፤ በዚህ የታፈነ አየር ውስጥ ነው የችግኞች አንገት ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ቀጥኖ የሚሰበረው። እኛ ቤት ልጄ ወደ ትምህርት ቤት ስትሄድ ትከፍታለች፣ እናቴ ሲመሽ ትዘጋለች። ሰው የማይውልበት ቤት ይህን ዕቃ ባይገዛ እመርጣለሁ።

ቀንድ አውጣዎችም ወደውታል፤ በተለይ ቅርፊት የሌላቸው። መሬት ላይ የታጠፈው የላስቲኩ ጠርዝ ጥላም እርጥበትም ስላለው ቀን ቀን እዚያ ተጣብቀው ይውላሉ። ያው ለመልቀም ይመቻል፤ እናቴ በአሮጌ ማንኪያ እየፈለቀቀች ቆርቆሮ ውስጥ ትከታቸዋለች፣ ማንም እንዲያግዛት አትፈልግም።

በቅስቶቹ መካከል 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት አለ። ላስቲኩ በደንብ ካልተወጠረ ዝናቡ እዚያ ይጠራቀምና እንደ ሆድ ይንጠለጠላል። ልጄ በመጥረጊያ እንጨት ከታች ወደ ላይ ስትገፋው ውሃው በሙሉ አጠገቧ በቆመው ሰው ላይ ስለሚደፋ ሥራውን ለሌላ አትሰጥም። ቁመቱም አጭር ነው፤ ቲማቲም ችግኝ እያለ ያስጠልለዋል እንጂ ሲያድግ አይበቃውም።

ቅስቶቹ አልዛጉም፣ ላስቲኩም አልተቀደደም። ደርቆና ታጥፎ ከፀሐይ በራቀ ቦታ ከተቀመጠ ለከርሞም የሚደርስ ይመስለኛል። ከአምስት ሦስት ተኩል እሰጠዋለሁ። ግማሿን ነጥብ የነፈግኩት ለመቆንጠጫዎቹ ነው፤ ጠንከር ያለ ነፋስ በመጣ ቁጥር አንዱ ይሰነጠቃል፣ ሻጩም ለብቻቸው እንደማይሸጡ ነግሮኛል። እኔ የብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ ቆራርጬ ቅስቶቹ ላይ አስሬበታለሁ፤ ከእነርሱ በተሻለ ይይዛል።