«ቤል ቦተም» ወይስ «ኒርጃ»?

ሁለቱም የአውሮፕላን ጠለፋን የሚተርኩ የሂንዲ ፊልሞች ናቸው። ጊዜ ያላችሁ ለአንዱ ብቻ ከሆነ «ኒርጃ»ን አስቀድሙ።

«ቤል ቦተም» በ2021 የወጣ የስለላ ፊልም ነው። ዘመኑ 1984 ነው። አክሻይ ኩማር የህንድ ሰላይ ሆኖ የተጠለፈውን አውሮፕላን ተከትሎ ዱባይ ይገባል። ፊልሙ ፈጣን ነው፣ አለባበሱም ያምራል። ላራ ዱታ የዘመኑን የህንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ኢንድራ ጋንዲን ሆና ስትሠራ በሜካፑ ብዛት መለየት ያቅታል፤ በጣም ጎበዝ ናት! ግን ጀግናው አይሳሳትም። ስለማይሳሳት ደግሞ አንሰጋለትም።

በ2016 የወጣው «ኒርጃ» ውስጥ እንዲህ ያለ ሰላይ የለም። ታሪኩ እውነተኛ ነው። ሴፕቴምበር 5 ቀን 1986 የአሜሪካው አየር መንገድ የፓን አም በረራ 73 ፓኪስታን ውስጥ ካራቺ ላይ ተጠለፈ። ኒርጃ ብሃኖት የበረራ አስተናጋጆቹ ኃላፊ ነበረች፤ ገና 22 ዓመቷ። ማስጠንቀቂያው የደረሳቸው አብራሪዎች ሸሽተው ወጡ፣ አውሮፕላኑም መነሳት አልቻለም። ጠላፊዎቹ አሜሪካውያንን ለመለየት ፓስፖርት ሲያሰባስቡ፣ እሷና ባልደረቦቿ የአሜሪካውያኑን ደበቁ። መጨረሻ ላይ ተሳፋሪዎችን ስታስወጣ በጥይት ተመትታ ሞተች። ህንድም ለጀግንነት የሚሰጠውን የአሾካ ቻክራ ሜዳሊያ ሰጠቻት።

ሶናም ካፑር ኒርጃን ሆና ፍርሃቷን ሳትደብቅ ትሠራለች፤ እጇ እየተንቀጠቀጠ ሥራዋን ትቀጥላለች። እናቷን የምትሠራው ሻባና አዝሚ ደግሞ አንጀት ትበላለች። ካሜራው ከጠባቡ አውሮፕላን ብዙም ስለማይርቅ እኛም አብረን የታገትን ይመስለናል።

ቅዳሜ ማታ ከጓደኛ ጋር ዘና ለማለት «ቤል ቦተም» ይበቃል። «ኒርጃ»ን ግን ትንንሽ ልጆች ባሉበት አትክፈቱት፤ ተኩሱ ይከብዳቸዋል።