«ፍሪዝ ድራይ» ተብሎ የሚሸጠውን የሰርግ አበባ ከመግዛታችሁ በፊት

በመጪው ሚያዝያ ሰርግ ያላችሁ የደሴና የኮምቦልቻ ቤተሰቦች፣ እንዲሁም በዲኮር ሥራ የምትተዳደሩ ወገኖች፣ ይህን ጽሁፍ ጊዜ ሰጥታችሁ እንድታነቡልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። በጥር ወር ታናሽ እህቴን ስንድር በሙሽሮቹ ላይ የሚበተን የደረቀ የጽጌረዳ አበባ ቅጠል «ፍሪዝ ድራይ የተደረገ ነው» (ማለትም በልዩ ማሽን ቀዝቅዞ እርጥበቱ የወጣ ነው) ተብለን ገዛን፤ እጃችን የገባው ግን በቤት ፍሪዘር ከርሞ ቀለም የተነከረና እርጥበቱ ያልወጣ ቅጠል ነበር። አቤቱታችን ገና እየታየ ስለሆነ የሻጩን ስም አልጠቅስም፤ ስሙን ከማወቅ ይልቅ ዕቃውን መለየት ይጠቅማችኋል ብዬም አምናለሁ።

እህቴ በፕላስቲክ ብልጭልጭ ፋንታ እውነተኛ አበባ እንዲበተንላት ከልጅነቷ ጀምሮ ትመኝ ነበር። የአገራችን ጽጌረዳ በብዛት የሚመረተው በሆለታ፣ በሰበታና በዝዋይ አካባቢ በመሆኑና ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ፣ ትኩስ አበባ አስመጥቶ ለሰርጉ ሰዓት ማድረስ ከባድ መስሎ ታየን። በዚህ መሃል አንድ ነጋዴ በስልክ የላከልን ቪዲዮ ልባችንን ወሰደው፤ ቅጠሉ ከሙሽሮቹ ራስ በላይ እንደ ላባ ይንሳፈፍ ነበር። በኪሎ 4,500 ብር ሂሳብ 3 ኪሎ አዘዝን፣ 7,000 ብር ቀብድ ከፈልን፣ ቀሪውን ደግሞ ዕቃውን ስንረከብ ልንከፍል ተስማማን። ናሙና አልጠየቅንም፣ ውልም አልጻፍንም።

ዕቃው የመጣው በሰርጉ ዋዜማ ከመሸ በኋላ፣ ቤቱ በእንግዳና በድግስ ሥራ በተጨናነቀበት ሰዓት፣ ሁለት ጊዜ በታሰረ ጥቁር ፌስታል ነበር። እናቴ ተቀብላ «የደረቀ አበባ እንዲህ ይከብዳል እንዴ?» ስትል ሰምቻታለሁ፤ ያን ጊዜ ፌስታሉን ፈትተን አይተነው ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሁፍ ባልጻፍኩ ነበር። ማለዳ ቅርጫቶቹን ልሞላ ስፈታው ቅጠሉ እርስ በርሱ ተጣብቆ እንደ ሊጥ ጓጉሏል፤ እጄን ሳወጣ ጣቶቼ እስከ ጥፍሬ ሥር ቀይ ሥር የላጥኩ መስለዋል። ወደ ታች ስገለብጠው ደግሞ አመድ የመሰለ የሻጋታ ጸጉር አብቅሎ አገኘሁት፤ ሽታውም ዝናብ የመታው ጆንያ ሽታ ነበር። ደህና የመሰለውን ከላይ ከላይ ለቅመን ይዘን ሐረጎን ወርደን ኮምቦልቻ ገባን። በአዳራሹ በር ላይ ልጆቹ ሲበትኑት ግን አንዱም አልተንሳፈፈም፤ ጓል ጓሉ እየወደቀ በሙሽራዋ ቬሎ ትከሻና በአጎታችን አዲስ ነጭ ጋቢ ላይ ተለጠፈ። የተከራየነው ቬሎ ላውንደሪ ሁለት ጊዜ ታጥቦ እንኳ ነጠብጣቡ ስላልለቀቀ ዋጋውን ለባለቤቱ ከፍለናል። እህቴ በሰርጓ ቀን በዓይኗ እንባ ሞልቶ ትከሻዋን በሶፍት ስትጠርግ ያየሁትን አልረሳም።

ሻጩ ደውዬ ስነግረው «እህቴ፣ አበባ አይደል እንዴ፣ ትንሽ ወዝ አይጠፋውም፤ እኔ እንደሆነ ፍሪዘር ውስጥ ነው ያደረቅኩት» አለኝ። ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ጋ ነውና ልዩነቱን በደንብ ላስረዳ። ፍሪዘር አያደርቅም፤ የሚያደርገው ማቀዝቀዝ ብቻ ነው። በቤት ፍሪዘር ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ የገባ ቅጠል ውስጡ ያለው ውሃ በረዶ ይሆናል፣ የበረዶው ስለት የቅጠሉን ጥቃቅን ህዋሳት ይበጣጥሳል፣ ከዚያም ከፍሪዘሩ ሲወጣ በረዶው ቀልጦ ቅጠሉ ይልፈሰፈሳል፣ ይጠቁራል። የጠቆረውን ለመሸፈን ቀለም መንከር የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ትክክለኛው ፍሪዝ ድራይ ግን ራሱን የቻለ ማሽን ይፈልጋል። ቅጠሉ መጀመሪያ በጣም ይቀዘቅዛል፤ ቀጥሎ በተዘጋው ክፍል ውስጥ ያለው አየር በፓምፕ እየተመጠጠ ግፊቱ ከተለመደው የአየር ግፊት ከመቶ አንድ እጅ በታች ይወርዳል። በዚያ ዝቅተኛ ግፊት በረዶው ወደ ውሃ ሳይቀልጥ በቀጥታ ተን ሆኖ ይወጣል፣ ተኑንም በማሽኑ ውስጥ ያለ ሌላ በጣም ቀዝቃዛ ብረት ይይዘዋል። ውሃው ፈሳሽ ሳይሆን ስለሚወጣ ቅጠሉ አይጨማደድም፤ መጠኑንና ቅርጹን እንደያዘ፣ ቀለሙም ብዙ ሳይለወጥ፣ እንደ ስስ ወረቀት ቀልሎ ይቀራል። ይህ በሰዓታት የሚያልቅ ሥራ አይደለም፤ አንድ ዙር ብዙውን ጊዜ ከአንድ ቀን በላይ ይፈጃል፣ ያልተነጠለ ሙሉ አበባ ከሆነ ደግሞ ሳምንትና ከዚያም በላይ ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ «ፍሪዝ ድራይ አለኝ» የሚላችሁን ሰው ማሽኑን እንዲያሳያችሁ ጠይቁት፤ በሥራ መሃል መብራት ሲሄድ ምን እንደሚያደርግም ጠይቁት። ፓምፑ ከቆመ በረዶው ይቀልጣልና የገባው ቅጠል በሙሉ ሊበላሽ ይችላል፤ በእኛ አካባቢ ጄኔሬተር ወይም ሌላ መጠባበቂያ የሌለው ሰው ይህን ሥራ አስተማምኖ ሊሠራ አይችልም። የእኛ ሻጭ ይህን ጥያቄ በኋላ ስጠይቀው መልስ አልነበረውም።

በኪሎ መሸጡም ራሱ ሊያስጠረጥረን ይገባ ነበር። ትኩስ የጽጌረዳ ቅጠል ከክብደቱ ከ80 በመቶ በላይ ውሃ ነው፤ ስለዚህ አንድ ኪሎ ትኩስ ቅጠል በትክክል ሲደርቅ ከ200 ግራም በታች ይሆናል፣ ቅርጹን ስለሚይዝ ግን የሚይዘው ቦታ ብዙም አይቀንስም። በሌላው ዓለም ይህ ዕቃ በሊትር ወይም በእፍኝ ልክ የሚሸጠው ለዚህ ነው፤ አንድ ሊትር ለአሥር እፍኝ ያህል ይበቃል ይባላል። በትክክል የደረቀ 3 ኪሎ ቅጠል አንድ ፌስታል ቀርቶ ብዙ ጆንያ ይሞላ ነበር። እኛ በኪሎ 4,500 ብር የከፈልነው በአብዛኛው ለውሃ ነው ማለት ነው፤ ዕቃው በረጠበ ቁጥርም ትርፉ ለሻጩ ይጨምራል።

ስትገዙ አንድ እፍኝ ናሙና ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት ተቀበሉና ቤታችሁ ፈትኑት። በጣት ሲታሽ መንኮሻኮሽ አለበት፤ እንደ ጨርቅ ከታጠፈ ወይም እንደ ቆዳ ከተሳበ አልደረቀም። ከራስ በላይ ከፍ አድርጋችሁ ልቀቁት፣ እየተሽከረከረ ቀስ ብሎ መውረድ አለበት። ቀለም መነከሩን ለማወቅ ደግሞ ጥቂት ቅጠል በሞቀ ውሃ ዘፍዝፋችሁ ውሃውን በሁለት ብርጭቆ ክፈሉት፤ በአንዱ ሎሚ ጨምቁበት፣ በሌላው ትንሽ ቤኪንግ ሶዳ ጨምሩበት። የቀይ ጽጌረዳ የተፈጥሮ ቀለም በሎሚ ይደምቃል፣ በሶዳ ደግሞ ወደ ሰማያዊ ወይም ወደ አረንጓዴ ያደላል፤ ከሱቅ የተገዛ ማቅለሚያ ግን አብዛኛውን ጊዜ በሁለቱም ብርጭቆ አይለወጥም። እኔ ይህን የሞከርኩት ከሰርጉ በኋላ በቀረው ቅጠል ነው፤ ሁለቱም ብርጭቆ ያው ቀይ እንደሆነ ቀረ።

እውነቱን ለመናገር፣ በትክክል የደረቀ ቀይ ቅጠልም ቢሆን ከረጠበ ነጭ ልብስ ሊያቀልም ይችላል፤ ስለዚህ ለቬሎና ለሐበሻ ቀሚስ ክሬም ወይም ነጣ ያለ ሮዝ ቀለም መምረጥ ይሻላል። የደረቀ ቅጠል ከአየር እርጥበት ቶሎ ይስባል። ጥር በአመዛኙ ደረቅ ነው፤ የሚያዝያ ሰርግ ግን በወሎ ከበልግ ዝናብ ጋር ይገጥማል፣ ደሴም ጉም አያጣትም። ቅጠሉን በፌስታል ሳይሆን አየር በማያስገባ ክዳን ባለው ዕቃ፣ በጫማ ካርቶን ውስጥ ከሚገኘው የእርጥበት መሳቢያ ከረጢት ሁለት ሦስቱን ጨምራችሁ፣ ከብርሃን አርቃችሁ አስቀምጡት፤ ክዳኑንም የምትከፍቱት ሊበተን ሲል ይሁን።

ስለ ክፍያው ደግሞ፣ የሰጣችሁት ገንዘብ ቀብድ መሆኑ በጽሁፍ ይስፈር። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ የሰጠ ወገን ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፣ ቀብድ የተቀበለው ቢያፈርስ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ወረቀቱ ላይ «አበባ» ብቻ ተብሎ አይጻፍ፤ በምን ዘዴ እንደደረቀ፣ ቀለም እንዳልተነከረ፣ ስንት ሊትር እንደሆነና በየትኛው ቀን እንደሚደርስ ይጻፍ። የመረከቢያው ቀን ከሰርጉ ቢያንስ አምስት ቀን ቀደም ይበል፤ በዋዜማው ሌሊት የመጣ ዕቃን ማንም አይመልስም፣ ሻጩም ይህን ያውቃል። ደረሰኝ መቀበል መብታችሁ ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ስለምንገዛው ዕቃ ዓይነትና ጥራት ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጠናል፤ እኛም ለከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ያመለከትነው በዚህ ነው፣ የስልክ መልእክቶቹንና የገንዘብ ማስተላለፊያውን ማስረጃ አያይዘን።

ማሽን ያለው አስተማማኝ ሰው ካላገኛችሁ፣ ትኩስ ጽጌረዳ ገዝታችሁ ቅጠሉን ነቅላችሁ በጥላ ስር በንጹህ ወረቀት ላይ በስሱ አስጡት። ይጨማደዳል፣ ቀዩም ይጠቁራል፤ ሮዝና ብጫው ግን ያምራል፣ ሻጋታም የተነከረ ማቅለሚያም አይኖረውም። ኮምቦልቻ ዝቅ ያለችና ሞቃት ስለሆነች ከደሴ ቶሎ ይደርቃል፤ እዚያ ዘመድ ያላችሁ እነሱ ቤት አስጡት።

በዚህ ጥር «ፍሪዝ ድራይ» ተብላችሁ በኪሎ የገዛችሁና ተመሳሳይ ነገር የደረሰባችሁ ካላችሁ፣ የተረፈውን ቅጠል አትጣሉት። ከነፌስታሉ አስቀምጡት፣ ፎቶ አንሱት፣ የተረከባችሁበትን ቀን ጻፉበት፤ የእኛ ፌስታል እንደታሰረ እናቴ ጓዳ ውስጥ ተቀምጧል፣ ጽሕፈት ቤቱ ሲጠራን ይዘነው እንሄዳለን።