አንድ የሐሞት ጠጠር፣ ሦስት አገር

ሰሞኑን የማያውቀኝ ሰው ሳይቀር "ጅማ ውስጥ የግል ይሻላል የመንግሥት?" እያለ ይጠይቀኛል። እማዬን ይዤ አራት ወር ያህል ሁለቱም ጋ ስመላለስ ያየ ሁሉ ነው የሚጠይቀኝ። ስለዚህ ያየሁትን እዚህ ልጻፈው። የሆስፒታሉንም የክሊኒኩንም ስም አልጠራም። የአንድ ቤተሰብ ገጠመኝ ነውና በዚህ የማንም ስም እንዲነሳ አልፈልግም።

እማዬ የምትኖረው ወደ ሊሙ ነው። ቅቤ የበዛበት ገንፎ በበላች ቁጥር ቀኝ ጎኗን ከጎድን አጥንቷ ሥር ይወጋታል፣ ከዚያ ወደ ትከሻዋ ይወጣል። መጀመሪያ ጨጓራ ተባለ። ኦሜፕራዞል ዋጠች። ጤና ጣቢያ አልትራሳውንድ የለውምና አልፈርድባቸውም። አልሻል ሲላት ሪፈር ተጻፈላትና በማለዳ ሚኒባስ ጅማ መናኸሪያ ወረደች።

እማዬ የጤና መድህን ካርድ አላት። እኔ የለኝም። ይሄንን በኋላ እመለስበታለሁ።

የእማዬ ካርድ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን ነው። ይሄ መድህን በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ሲጀመር በአገሪቱ ከተመረጡት 13 ወረዳዎች አንዱ ሊሙ ኮሳ ነበር። ያኔ ቀበሌ ተሰብስበው ሲያስረዷቸው ብዙው ሰው ግራ ገብቶት ነበር። ሳንታመም ለምን እንከፍላለን? ካልታመምንስ ገንዘባችን ይመለሳል ወይ? እማዬ ግን ወዲያው ገባት። "ታዲያ የበሽታ ዕድር ነዋ!" አለች። ከዚያ በኋላ የሰማሁት የባለሙያ ማብራሪያ ሁሉ ከዚህ አይበልጥም።

እሺ፣ ወደ ግምገማው።

የመንግሥቱ ሆስፒታል ጋ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ደረስን። ሰልፉ በረንዳውን አልፎ ዝናብ ላይ ወጥቷል፣ የጅማን ዝናብ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ካርድ ክፍል ብቻ ሁለት ሰዓት ፈጀብን። ሐኪም ፊት ለመቅረብ ሌላ ሦስት ሰዓት። እማዬ ሐኪሙ ጋ የቆየችው አራት ደቂቃ ቢሆን ነው፣ ከበሩ ውጭ ያለውን ሰው እያየ ምን ያድርግ? አልትራሳውንድ አዘዘ። ማሽኑ ተበላሽቷል ተባልን። በሳምንቱ ስንመለስ ተሠርቷል፣ ግን ተራ የሚደርሰን ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው።

ሰልፉ ላይ ከኋላችን የነበሩት ከዴዶ የመጡ አባት የቡና ለቀማ ቀናቸውን ትተው ነው የመጡት። በዚያን ቀን የሚለቅመው ሰው ስላጡ ቡናው እየረገፈ እንደሆነ ነገሩኝ። ሕክምናው በካርድ ነፃ ነው ሲባል ይሄ የሚረሳ ይመስለኛል። ብር ባይከፍሉም ቀናቸውን ከፍለዋል። ለገበሬ ደግሞ በለቀማ ወቅት አንድ ቀን ቀላል ገንዘብ አይደለም።

ሦስት ሳምንቱን መጠበቅ አቃተኝ። ሕመሙ ሌሊት ሌሊት ይነሳባት ነበር። ባጃጅ ይዘን ወደ አንድ የግል ክሊኒክ ሄድን፣ ከ11 ሰዓት በኋላ።

እዚያ ስንገባ ወንበር አለ። ውኃ አለ። "እማማ ይቀመጡ" የሚል ሰው አለ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ተጠራን። በሩን ስንከፍት የተቀመጠው ሐኪም ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የመንግሥቱ ሆስፒታል ጋ ያየን ያው ሐኪም። ጅማ ውስጥ ይሄ አዲስ ነገር አይደለም፣ አዲስ አበባም እንዲሁ ነው። እሱም ያስታወሳት መሰለኝ ፈገግ አለ። "አዴ" ብሎ በኦሮምኛ አነጋገራት። ምን ስትበላ እንደሚያማት ጠየቃት፣ ስንት ልጅ እንደወለደች ጠየቃት፣ ሕመሙ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ጠየቃት። ሃያ ደቂቃ ሙሉ። እማዬ እኔ እንኳን ያልሰማሁትን ነገር ሁሉ ነገረችው። አልትራሳውንዱ እዚያው በ700 ብር ተነሳ። የሐሞት ጠጠር ነው። አንድ ሳይሆን ብዙ።

ቤት ስመለስ ያሰብኩት ይሄንን ነው። ያው ሰው ነው፣ ያው እውቀት ነው። 700 ብሩ የገዛልን ማሽኑንና ሃያ ደቂቃውን ነው። የግል ሲባል ብዙ ሰው የተሻለ ሐኪም ያለ ይመስለዋል። በዚህች ከተማ ሐኪም የሚያፈራው የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው። የዛሬው ጅማ ዩኒቨርሲቲ የመጣው ከእሱና ከእርሻ ኮሌጁ ነው። ተማሪዎቹን ከጅምሩ ወደ ኅብረተሰቡ እየላከ በማስተማር ይታወቃል። የግል ክሊኒኩ ሐኪም ከዚያው ዛፍ የበቀለ ነው።

ኦፕራሲዮኑን እዚያው እናድርግ ብዬ ጠየቅኩ። እንግዳ መቀበያ ላይ ያለችው ልጅ "ለመተኛ 30 ሺህ ብር ያስይዛሉ፣ ቀሪው ሲወጡ ይታሰባል" አለችኝ። ቀሪው ስንት እንደሆነ ልትነግረኝ አልቻለችም። በዚያ ላይ ያልታዘዙ የሚመስሉኝ ሁለት ምርመራዎች ደረሰኙ ላይ ተጨምረዋል። ስጠይቅ "ፓኬጅ ነው" ተባልኩ። እዚህ ላይ በጣም ተናደድኩ። ሥራው እስኪያልቅ ዋጋው የማይነገርበት ሌላ ምን ገበያ አለ? በርበሬ እንኳን በኪሎ ስንት ነው ተብሎ ነው የሚገዛው።

ሐኪሙን ተመልሼ ጠየቅኩት። ቀጥ አድርጎ ነገረኝ። "ካርድ አላቸው አይደል? ሥራው የሚሠራው እዚያ ነው፣ ሌሊት የሆነ ነገር ቢፈጠር ደምም ተረኛም ያለው እዚያ ነው።" እግዚአብሔር ይስጠው።

ወደ መንግሥቱ ተመለስን። ሁለት ወር ጠበቅን። በመጨረሻ ተኛች። ክፍሉ ስምንት አልጋ ነበረው፣ አስታማሚው ሁሉ ከቤቱ ፌርሙዝና በርጩማ ይዞ ይመጣል። ውኃ በቀን አንዴ ብትመጣ ነው። አንድ መድኃኒት መድኃኒት ቤቱ ውስጥ አልነበረም፣ "የለም" የሚል ማኅተም አድርገውልን ከውጭ ገዛሁ። (ደረሰኙንና ማኅተሙ ያለበትን ማዘዣ አትጣሉ፣ ወረዳ ሄዳችሁ ማስመለስ ትችላላችሁ፣ ማንም ሳይነግረኝ ልጥለው ነበር።) ግን ኦፕራሲዮኑ ንጹሕ ነበር። በየጠዋቱ ሲኒየሩ (ዋናው ሐኪም)፣ ሬዚደንቱ (ስፔሻሊስት ለመሆን የሚማረው ሐኪም) እና ተማሪዎቹ አልጋዋን ከበው ይወያያሉ። አንድ ወጣት ሐኪም ሌሊት 9 ሰዓት መጥቶ ቁስሏን ሲያይ እኔ እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር። በአራተኛው ቀን ወጣች። ሒሳብ ክፍል ካርዱን አይተው ፈረሙ። ለአልጋውም፣ ለኦፕራሲዮኑም፣ ለማደንዘዣውም አንድ ብር አልከፈልንም።

ነጥብ ስጪ ካላችሁኝ፣ መንግሥቱ በሙያ ከ5 አምስት፣ በመስተንግዶ ከ5 ሁለት። የግሉ በመስተንግዶ አምስት፣ በዋጋ ግልጽነት አንድ።

አሁን ደግሞ ሌላው ወሬ። የሐሞት ጠጠር በዘር ይሄዳል ይባላል፣ የኛ ቤተሰብ ምስክር ነው። የእማዬ ታናሽ እህት ለንደን ትኖራለች፣ እሷም ይሄው ጠጠር ወጥቶላታል። የአጎቴ ልጅ ሜሪላንድ ነው፣ እሱም እንደዚሁ። እማዬ ተኝታ ሳለች ሁለቱም በየተራ ይደውሉ ነበርና የሦስት አገር ሕክምና በአንድ ስልክ ሰማሁ።

አክስቴ መጀመሪያ የሄደችው ወደ ቤተሰብ ሐኪሟ ነው። ከዚያ ሪፈር። (ሪፈር የኛ ብቻ መስሎኝ ነበር።) ከዚያ ወረፋ። እዚያ አገር ሪፈር ከተጻፈ በ18 ሳምንት ውስጥ ሕክምና መጀመር አለበት የሚል ደንብ አለ፣ እሷ ግን 11 ወር ጠበቀች። ብቻዋን አይደለችም። በ2023 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ ወረፋው ከ7 ሚሊዮን አልፎ ነበር። ተራዋ ሲደርስ በትንንሽ ቀዳዳ ሠርተውላት በማግሥቱ ቤቷ ገባች። የከፈለችው ዜሮ። ቤት ሆና ለምትወስደው መድኃኒት ብቻ ለአንዱ ማዘዣ 10 ፓውንድ ገደማ። ስኮትላንድና ዌልስ ቢሆን እሱም ነፃ ነበር።

የአጎቴ ልጅ ደግሞ ድንገተኛ ክፍል ገባ፣ በማግሥቱ ኦፕራሲዮን ተደረገ። ፍጥነቱን ሲያወራ ሁላችንም ቀናን። ወር ሳይሞላ ግን ፖስታ መምጣት ጀመረ። ከሆስፒታሉ አንድ፣ ከማደንዘዣ ሐኪሙ አንድ፣ ከላብራቶሪው አንድ። በመሥሪያ ቤቱ በኩል መድህን አለው እኮ! ግን ዲዳክቲብል የሚሉት ነገር አለ፣ መድህኑ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከራስህ ኪስ የምታወጣው ማለት ነው። እስካሁን በየወሩ እየከፈለ ነው። አሜሪካ በ1986 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ ሆስፒታል ድንገተኛ ሕመምተኛን ገንዘብ የለውም ብሎ መመለስ አይችልም። ሕይወትህን ያተርፋሉ፣ ሒሳቡ ግን ይከተልሃል። አገሩ ሁሉ የግል ነው ማለትም ስህተት ነው። ከ1965 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዕድሜው 65 ለሞላው ሜዲኬር፣ ገቢው ዝቅተኛ ለሆነው ሜዲኬይድ የሚባል የመንግሥት መድህን አለ። የሚጎዳው መሐል ላይ ያለው ነው፣ እንደ አጎቴ ልጅ። አሜሪካ ከኢኮኖሚዋ 17 በመቶ ገደማ ለጤና ታወጣለች፣ እንግሊዝ 11 በመቶ ገደማ። ገንዘብ ቢበዛም ፖስታው አልቀረም።

ከዚህ ሁሉ የገባኝ ነገር አለ። ጥያቄው የግል ነው የመንግሥት የሚለው ብቻ አይደለም። ገንዘቡ የሚከፈለው መቼ ነው? ጤነኛ ሳለህ ከሌሎች ጋር ሆነህ ነው፣ ወይስ ጎንህን ይዘህ ብቻህን እንግዳ መቀበያ ላይ ቆመህ? የእንግሊዙ ነፃ ሕክምና እ.ኤ.አ. ሐምሌ 5 ቀን 1948 ሲጀመር ያቋቋመው ሚኒስትር አናይረን ቤቫን ይባላል። የዌልስ የማዕድን ሠራተኛ ልጅ ነው። በተወለደባት ትሬዴጋር በምትባል ትንሽ ከተማ ሠራተኞቹ ከ1890 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከደመወዛቸው እያዋጡ ሐኪም የሚቀጥሩበት ማኅበር ነበራቸው። ቤቫን ያንን ለአገሩ በሙሉ አደረገው። ይሄንን ሳነብ እማዬ ትዝ አለችኝ። የበሽታ ዕድር! ጀርመኖችም በ1883 እ.ኤ.አ. የሠራተኛ መድህን በሕግ ሲያወጡ የተነሱት ቀድሞ ከነበሩ የሙያ ማኅበራት መረዳጃዎች ነው። ታይላንድ በ2002 እ.ኤ.አ. ሁሉም ሰው በ30 ባት እንዲታከም አደረገች፣ ቀሪውን ከግብር ትሸፍናለች። ሩዋንዳ ደግሞ ከኛ ብዙም ሀብታም ሳትሆን አብዛኛውን ሕዝቧን በማኅበረሰብ መድህን አስገብታለች። ዕድርና ዕቁብ ያለው ሕዝብ ይሄ ሊከብደው አይገባም።

ወደ ራሴ ልመለስ። እማዬ ገበሬ ስለሆነች ካርድ አላት። እኔ ደመወዝተኛ ነኝ፣ የለኝም። ለደመወዝተኛ የታሰበው ማኅበራዊ የጤና መድህን አዋጁ ቁጥር 690 ሆኖ በ2002 ዓ.ም. ወጥቶ ነበር። ዓመታት አለፉ፣ ከደመወዜ ላይ እስካሁን ምንም አልተቆረጠም። ያ ጠጠር ነገ እኔ ጋ ቢመጣ፣ ደግሞ በዘር ነው ብያችኋለሁ፣ ያንን 30 ሺህ ብር የማስይዘው እኔ ነኝ። ከተማ ውስጥ በግላችሁ የምትሠሩ፣ ሱቅ ያላችሁ፣ ባጃጅ የምትነዱ ግን ቀበሌ ሄዳችሁ ካርድ ማውጣት ትችላላችሁ። ምዝገባው ዓመቱን ሙሉ ክፍት ስላልሆነ ጊዜውን ጠይቁ። ሪፈር ሳትይዙ ዘልላችሁ ሆስፒታል አትሂዱ፣ ካርዱ እንደሚገባው አይረዳችሁም። ለአልትራሳውንድና ለላብራቶሪ ሰልፉ ከበዛና አቅም ካላችሁ የግል ግቡ፣ ዋጋውን ግን ከመተኛታችሁ በፊት በወረቀት አስጽፉ። ለትልቅ ኦፕራሲዮን የመንግሥቱን ተራ ጠብቁ።

እኛ ቢሮ 23 ሰዎች ነን። ለለቅሶ የምናዋጣው ዕድር አለን፣ ለሕመም ግን ምንም የለንም። ባለፈው ዓርብ በቡና ሰዓት ለሕመምም በየወሩ እናስቀምጥ ብዬ ሐሳብ አቀረብኩ። ዘጠኙ ተስማምተዋል። ሌሎቹ "ካልታመምንስ?" አሉ።

እማዬ ደህና ናት። ገንፎውን ቀጥላለች፣ ቅቤውን ብቻ ቀንሳለች። የዘንድሮን መዋጮ ድሮ እንደምታደርገው ቡናው እስኪሸጥ አልጠበቀችም። ዶሮዎቿን ሸጣ ከፈለች።