«ንጹህ መዳብ ነው» የተባላችሁትን ስታብላይዘር እንዳትገዙ

እጄ አሁንም የተቃጠለ ቫርኒሽ ይሸታል። ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው።

ደብረ ብርሃን ያላችሁ ታውቁታላችሁ። ማታ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲጥድ መብራቱ ይደክማል። በዚህ ብርድ ፍሪጅ ምን ያደርግልሃል እንዳትሉኝ፣ ባለቤቴ እርጎ ትሸጣለች። ቮልቴጁን የሚያስተካክል ስታብላይዘር የግድ ነው። ሱቆቹንም ታውቋቸዋላችሁ። ፊት ለፊት «ኦሪጅናል ነው»፣ ከጀርባ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም»።

ሻጩ ልጅ «2000 ዋት ይችላል፣ ጥቅሉ ንጹህ መዳብ ነው» አለኝ። ሰክቶ አንድ አምፖል አበራበት። ጠቋሚው 220 ላይ ቀጥ አለ። 6800 ብር ቆጥሬ ሰጠሁ።

እኔ ደግሞ የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። ሳቁ። በዚያው ሳምንት ነው ኢንዳክሽን ያስተማርኩት። ማግኔቱን ኮይሉ (የተጠቀለለው ሽቦ) ውስጥ ሳስገባ የጋልቫኖሜትሩ (የኮረንቲ መለኪያው) መርፌ ይዘላል፤ ዝም ብዬ ስይዘው ዜሮ ላይ ይተኛል። ቮልቴጅ የሚወለደው በኮይሉ ውስጥ የሚያልፈው የማግኔት መስክ፣ ፍላክስ የምንለው፣ ሲለዋወጥ ነው። ፈጥኖ ሲለወጥና ጥቅሉ፣ ማለትም የሽቦው ዙር፣ ሲበዛ ይጨምራል። ፋራዴይ በ1831 እ.ኤ.አ. ያገኘው ይኸው ነው። ስታብላይዘሩም ከዚህ አያልፍም። በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚመላለሰው ኮረንቲ ብረቱ ውስጥ ያለውን ፍላክስ ያመላልሰዋል፣ ስንት ቮልት እንደሚወጣ የጥቅሉ ቁጥር ይወስናል። ሽቦው ከምን እንደተሠራ ሕጉ አይጠይቅም። ጭነት ከሌለበት፣ ማለትም ከባድ ዕቃ ካልተሰካበት፣ መዳቡም አሉሚኒየሙም እኩል 220 ያሳያል። ይህን አውቃለሁ። አውቄ በአንድ አምፖል ተሸወድኩ።

ትናንት ማታ፣ ገና በሦስተኛ ቀኑ፣ ፍሪጁ ሊነሳ ሲል ጉርርር አለና ጨሰ። ከፈትኩት። ጥቅሉ ቀይ ነው፣ ያምራል። በምላጭ ፋቅ ሳደርገው ነጭ ወጣ። የመዳብ ቀለም የተቀባ አሉሚኒየም፣ ያውም ቀጭን። አሉሚኒየም በእኩል ውፍረት እንኳ መዳብ ከሚያስተላልፈው 60 በመቶ ገደማ ነው የሚያስተላልፈው። ወፈር አድርገው ቢጠቀልሉት አንድ ነገር ነው። እነሱ ግን አቀጠኑት፤ ጭነት ሲመጣበት ግሎ ተቃጠለ።

ዛሬ ጠዋት ይዤው ሄድኩ። ልጁ የድሮ ተማሪዬ ነው፤ ያመንኩትም ለዚያ ነበር። የተፋቀውን ሽቦ አፍንጫው ሥር አመጣሁለት። አልደነገጠም። ባልደረባውን ጠቀስ አደረገና፣ «ቲቸር፣ እርስዎ አይደሉ እንዴ ያስተማሩን? ቮልቴጅ በጥቅሉ ቁጥር ነው ብለው። ቁጥሩ ልክ ነው» አለኝ።

ሁለቱም ሳቁ። እኔ ሽቦውን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ፈተና ላይ ጽፎት ቢሆን ሙሉ ማርክ እሰጠው ነበር።

ስትገዙ ካውያ ይዛችሁ ሂዱ። ሰክታችሁ ግማሽ ሰዓት አቆዩት፣ ከዚያ አሽትቱት። ደረሰኙ ላይም «መዳብ» ብለው ይጻፉላችሁ። የእኔ ላይ የተጻፈው «ዕቃ» ብቻ ነው።