ፒሲኦኤስ ላለባችሁ የኮዬ ፈጬ ሴቶች፦ አንዲት ሲስተር ልጠቁማችሁ

ሰላም ጎረቤቶቼ። ፒሲኦኤስ የሴትን ሆርሞንና ኦቫሪዋን (እንቁላል የሚያመነጨውን አካል) የሚያዛባ ችግር ነው። ይህን ለመጻፍ ብዙ ጊዜ አመንትቻለሁ። ጉዳዩ የሴት ጉዳይ ነው፤ ብሎካችን ደግሞ ሁሉም የሚተዋወቅበት ነው። ባለፈው ሳምንት ግን ውኃ ስንቀዳ አንዲት ልጅ «ያንን የወሊድ መከላከያ ኪኒን ሽንት ቤት ጨመርኩት፣ ሊያሳብደኝ ነበር» አለችኝ። እኔም ከአንድ ዓመት በፊት እንደዚያው አድርጌ ነበር። ከዚያ በኋላ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

ማመስገን የምፈልገው ሰፈራችን ባለው የመንግሥት ጤና ጣቢያ፣ የቤተሰብ ምጣኔ ክፍል የሚሠሩ አንዲት ሲስተርን ነው። በዕድሜ እናቴ ይሆናሉ። ስማቸውን አደባባይ ላይ እንዳልጽፍ እሳቸው ራሳቸው ነግረውኛል። ማወቅ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ የትኛው በር እንደሆነ ሳይቀር እነግራችኋለሁ።

ፒሲኦኤስ እንዳለብኝ ያወቅኩት በ26 ዓመቴ ነው። የወር አበባዬ በሁለት በሦስት ወር አንዴ ነበር የሚመጣው። አገጬ ላይ ጠንከር ያለ ፀጉር ይበቅላል፣ መንጋጋዬ ዙሪያ ብጉር አይጠፋም። አልትራሳውንድ ያየልኝ ሐኪም «ኦቫሪሽ ላይ ብዙ ትንንሽ ከረጢቶች አሉ» ሲለኝ ዕጢ መስሎኝ ደርቄ ቀረሁ። ዕጢ አይደለም። ማደግ ጀምረው መሃል ላይ የቆሙ የእንቁላል ከረጢቶች ናቸው። ደግሞ በአልትራሳውንድ ብቻ አይወሰንም። የወር አበባ መዛባት፣ የወንድ ሆርሞን መብዛት፣ የኦቫሪው መልክ፤ ከነዚህ ከሦስቱ ሁለቱ ሲገኙና ሌላ ምክንያት ሲታጣ ነው ፒሲኦኤስ የሚባለው። ብርቅ በሽታም አይደለም። ከ10 ሴቶች አንዷ ገደማ አለባት፤ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ካለባቸው ውስጥ እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት አያውቁትም።

ከዚያ በፊት የሦስት ወር መርፌ ተወግቼ ነበር። አንድ የግል ክሊኒክ ገባሁ፣ «የወሊድ መከላከያ ፈልጌ ነው» አልኩ፣ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ተወግቼ ወጣሁ። የወር አበባሽ እንዴት ነው ያለኝ ሰው የለም። መርፌው መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። እኛ አገር በጣም የተለመደው እሱ ነው፤ በ2011 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ካገቡ ሴቶች 27 በመቶው የመርፌ ተጠቃሚ ነበሩ፣ ኪኒን የሚወስዱት ግን 2 በመቶ ብቻ። ለብዙዎች ይስማማል። እኔን ግን ሰባት ሳምንት ሙሉ ነጠብጣብ ደም አልቆም አለኝ፤ በዓመት ውስጥ ስድስት ኪሎ ጨመርኩ። መርፌ ደግሞ አንዴ ከገባ ገባ ነው፣ ጊዜውን እስኪጨርስ መጠበቅ ብቻ ነው።

ፒሲኦኤሱ ሲታወቅ ሐኪሙ ኢስትሮጅንና ፕሮጀስቲን የተባሉ ሁለት ሆርሞኖች ያሉበትን የወሊድ መከላከያ ኪኒን አዘዘልኝ። ይህ ኪኒን ለወሊድ መከላከያ ብቻ አይደለም። ደሙን ወቅቱን ያስይዘዋል፣ የወንድ ሆርሞኑን ያዳክማል፣ የማህፀን ግድግዳን ይጠብቃል። ያን ቀን ግን ይህን ማንም አላስረዳኝም፣ ወረቀቱን ይዤ ወጣሁ። ዐቢይ ጾም ነበር። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ መድኃኒት ነው ብዬ በባዶ ሆዴ እውጥና ወደ ሥራ ለመሄድ አውቶቡስ እሰለፋለሁ። ገና ወንበር ሳላገኝ ማቅለሽለሹ ይጀምረኛል። ጡቴ ያመኛል፣ ራሴን ያመኛል። በ18ኛው ቀን ጣልኩት። ከዚያ አራት ወር የወር አበባ የለም። እኔ ግልግል ብዬ ነበር።

ሲስተርን ያገኘኋቸው ያኔ ነው። አርግዤ ይሆን ብዬ ፈርቼ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ምርመራው እርግዝና እንደሌለ አሳየ። ተመስገን ብዬ ልወጣ ስነሳ «ቁጭ በይ እስኪ ልጄ። አራት ወር ሙሉ የት ሄዶ ነው?» አሉኝ። በሩን ዘጉት። ስልካቸው ሲጠራ አጥፍተው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት።

መጀመሪያ አምስት ደቂቃ ዝም ብዬ እንድቀመጥ አደረጉኝ። እግሬን መሬት አስረግጠው፣ ክንዴን ጠረጴዛው ላይ አሳርፈው ደም ግፊቴን ለኩ። ትንሽ ቆይተው ደገሙት፤ 118 በ76። 140 በ90 ቢደርስ ኖሮ ይህን ዓይነት ኪኒን እንደማይሰጡኝ ነገሩኝ። ከዚያ ጥያቄው መጣ። ሲጋራ ታጨሻለሽ? ከቤተሰብ እግሩ ወይ ሳንባው ላይ ደም የረጋበት አለ? የቲቢ መድኃኒት እየወሰድሽ ነው? ራስ ምታቱ ከመምጣቱ በፊት ዐይንሽ ላይ የሚብለጨለጭ ነገር ታያለሽ? ለምን እንደሚጠይቁ ከጥያቄው ጋር ይነግሩኝ ነበር። የሚብለጨለጭ ነገር ያለው ማይግሬን (የሚመላለስ ከባድ ራስ ምታት) ካለ ኢስትሮጅን ያለበት ኪኒን ለስትሮክ ያጋልጣል። ሪፋምፒሲን የተባለው የቲቢ መድኃኒት የኪኒኑን ጉልበት ያዳክመዋል። ይህን ሁሉ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

ስለ አራቱ ወርም አስረዱኝ። እንቁላል በማይወጣበት ጊዜ የማህፀን ግድግዳ ዝም ብሎ ይወፍራል፤ ሳይጸዳ ሲቆይ ከዓመታት በኋላ ወደ ካንሰር ሊያመራ ይችላል። ስለዚህ ከሦስት ወር በላይ ሲቀር መታየት አለበት። ደግሞም የወር አበባ አልመጣም ማለት አይረገዝም ማለት አይደለም። ፒሲኦኤስ ያለባት ሴት እንቁላሏ መቼ እንደሚወጣ አታውቅም እንጂ አልፎ አልፎ ይወጣል።

ከዚያ የተናገሩት ነገር እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። «መድኃኒቱ የሚያመጣው አለ። ሕመሙ የሚያመጣው አለ። ኑሮ የሚያመጣውም አለ። ሳንለያቸው ኪኒኑን አንጣለው» አሉኝ። ከመሳቢያቸው ትንሽዬ ሰማያዊ ደብተር አወጡ። በማስመሪያ ገጹን በአራት ከፈሉት፤ ቀን፣ የኪኒኑ ቁጥር፣ የተሰማሽ ነገር፣ ያን ቀን የበላሽውና የተኛሽው። ኪኒኑን ማታ ከራት በኋላ አድርገሽ ጀምሪ አሉኝ። ጾምም ቢሆን ማታ ይበላል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ማቅለሽለሹ ለቀቀኝ። ለካ ያን ሁሉ የተሰቃየሁት በሰዓቱ ነው። ነጠብጣብ ደም የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ሊኖር እንደሚችል አስቀድመው ስለነገሩኝ ሲመጣ አልደነገጥኩም፤ በሦስተኛው ወር ቆመ። ብጉሩ ለመቀነስ ሦስት ወር ገደማ ይፈልጋል፣ ፀጉሩ ግን ስድስት ወርና ከዚያ በላይ። ይህን ማወቅ በራሱ ትዕግሥት ይሰጣል።

በሁለተኛው ወር ደብተሩን ይዤ ሄድኩ። መነጽራቸውን አድርገው እያንዳንዱን መስመር በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡት። ራስ ምታቱ የሚመጣው ሁልጊዜ ቡናማዎቹን ኪኒኖች በምወስድበት ሳምንት መሆኑን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። እነዚያ ሰባቱ የብረት እንክብሎች ናቸው፣ ሆርሞን የላቸውም። ሆርሞኑ ድንገት ሲቋረጥ ራስ ምታት ይቀሰቅሳል። እኔ ግን ሙሉ ኪኒኑን ስረግም ነበር የከረምኩት።

ጣታቸው አንድ ቦታ ላይ ቆመ። «ዝም ብዬ አለቀስኩ» ብዬ ጽፌያለሁ። ወደ ኋላ ገለጡ፣ ወደ ፊት ገለጡ። በአንድ ወር ዘጠኝ ጊዜ። ቀና ብለው «ይሄንን ለማን ነገርሽ?» አሉኝ። ለማንም አልኳቸው። ባሌ ድካም ነው ይላል፣ እኔም ድካም ነው ብዬ ነበር። ደብተሩን ቀስ ብለው ዘግተው እጄን ያዙኝ። ፒሲኦኤስ ያለባቸው ሴቶች ላይ ድብርትና ጭንቀት በብዛት እንደሚታይ፣ ኪኒኑም በአንዳንድ ሴቶች ላይ እንደሚያባብሰው ነገሩኝ። «ይሄ የጠባይ ጉዳይ አይደለም» አሉኝ። ካርዴን ራሳቸው ይዘው ሐኪሙ ክፍል ድረስ አብረውኝ ሄዱ። ኮሪደሩ ላይ እንባዬን መያዝ አቃተኝ። እንባዬን እየጠረግኩ አብሬያቸው ገባሁ።

ሐኪሙ ድሮስፐርኖን የተባለ ሌላ ፕሮጀስቲን ወዳለበት ኪኒን ቀየረልኝ፤ ለራስ ምታቱ ደግሞ ሆርሞን የሌላቸውን እየዘለልኩ ሁለት ሁለት ጥቅል እንዳከታትል ነገረኝ። ሲስተር አሁንም እንዲሁ አልለቀቁኝም። ወረቀት ላይ ጻፉልኝ፦ ኪኒን ከማይወስዱ 10,000 ሴቶች በዓመት 2 ያህሉ ላይ ደም ይረጋል፤ በመጀመሪያው ዓይነት ኪኒን ከ5 እስከ 7፣ በአዲሱ ከ9 እስከ 12። እርግዝና ራሱ ከዚህ የበለጠ ያጋልጣል። «እንድትፈሪ አይደለም፣ እንድታውቂ ነው» አሉኝ። አንድ እግሬ ብቻ ካበጠ ወይም ካመመኝ፣ ደረቴን ከወጋኝ፣ ትንፋሽ ካጠረኝ፣ ድንገት ከባድ ራስ ምታት ከመጣ ወይ ዕይታዬ ከደበዘዘ ቀጠሮ ሳልጠብቅ ድንገተኛ እንድሄድ። ያ ወረቀት ፍሪጃችን ላይ ተለጥፏል። ባሌም በቃሉ ይዞታል።

እናቴ ስኳር አለባት ስላቸው የእኔንም አስለኩኝ፤ ትንሽ ከፍ ብሎ ተገኘ። ሻይ ላይ ሦስት ማንኪያ የነበረውን ወደ ግማሽ አወረድኩ፣ ማታ ማታ ከባሌ ጋር በእግር እንወጣለን። በስድስት ወር አራት ኪሎ ቀንሻለሁ።

አማቴ ኪኒን ማህፀን ያደርቃል ይሉ ስለነበር ባሌ ተጨንቆ ነበር። አንድ ቀን ይዤው ሄድኩ። ሲስተር ሳይቆጡት አስረዱት። ኪኒኑ ማህፀን አያደርቅም። ስናቆም የሚመለሰው ድሮም የነበረው ፒሲኦኤስ ነው፤ ኪኒኑ ምልክቱን ያስታግሳል እንጂ አያድነውም። ልጅ የምንፈልግበት ጊዜ ሲደርስ እንቁላል እንዲወጣ የሚያግዝ መድኃኒት አለ። መንገድ ላይ ስንመለስ ባሌ «ቀድሞ ቢነግሩኝ ኖሮ እኔም አላስጨንቅሽም ነበር» አለኝ።

የሚጎድልም አለ፣ እውነቱን ልናገር። ሰኞ ወረፋው ከባድ ነው፤ ሐሙስ ከሰዓት ይሻላል። የቤተሰብ ምጣኔ አገልግሎቱ በነፃ ነው፤ የኔ አዲሱ ኪኒን ግን እዚያ ስለማይገኝ ከፋርማሲ እየገዛሁ ነው። ደግሞ እባካችሁ የኔን ኪኒን ስም ጠይቃችሁ አትግዙ። እኔ ባለሙያ አይደለሁም፤ ለኔ የሆነው ደም ግፊት ላለባት ወይ ለምታጠባ እናት አይሆንም። ሄዳችሁ ተለኩ፣ ተጠየቁ። ስትሄዱ ያጋጠማችሁን ሁሉ በደብተር ይዛችሁ ሂዱ። ያለቀሳችሁበትንም ጻፉት፣ እሳቸው ያነቡታል።

ውኃ ስንቀዳ ያገኘኋት ልጅም ትናንት ደውላልኛለች። ሐሙስ አብረን እንሄዳለን።

ሲስተር፣ ይህን ልጅዎ ካነበበችልዎት፦ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ሰማያዊው ደብተር አልቋል፤ ሁለተኛውን ጀምሬያለሁ። በዚህ ወር «አለቀስኩ» የሚል አንድ ብቻ ነው ያለው፤ እሱም የእህቴ ሠርግ ዕለት ነው።