ለኪስዋሂሊ መምህራችን ምስጋና፣ ናይሮቢ ለምትመጡ ቤተሰቦች ደግሞ ጥቆማ

ሰላም ወገኖቼ። ናይሮቢ ለአገልግሎት የመጣችሁ ወይም ለመምጣት ሻንጣ እያሰናዳችሁ ያላችሁ ሁሉ ይህን ብታነቡልኝ ደስ ይለኛል።

እኔና ባለቤቴ ከሦስት ልጆቻችን ጋር ወደዚህ ስንመጣ «እንግሊዝኛ ይበቃችኋል» ተብለን ነበር። እውነት ነው፣ ባንክና ቢሮ ይበቃል። ግን እኛ የምንውለው ከሰፈር ሰው ጋር ነው። የግቢው ጥበቃ፣ አትክልት የምትሸጠው ማማ ምቦጋ፣ የማታቱው (የሕዝብ ታክሲው) ረዳት፣ ከእኛ በላይ ፎቅ ያሉት እናት፣ ሁሉም እርስ በርስ የሚጫወቱት በኪስዋሂሊ ነው። እኛ ስንጠጋ ለእኛ ብለው ወደ እንግሊዝኛ ይቀይራሉ። ጨዋታውም እዚያው ይቀዘቅዛል። ሰው ሊያከብረን ብሎ የሚያደርገው ነገር እንግዳ አድርጎን ከረመ።

አንድ ቦታ ተመዝግበን ሦስት ወር ተምረን ነበር። የሰዋስው ሰንጠረዥ ሸመደድን። ከጎረቤት ጋር ግን ሁለት ዓረፍተ ነገር መቀጠል አልቻልንም።

ከዚያ አንዲት እህት እኚህን መምህር ጠቆመችን። የሞምባሳ ሰው ናቸው፤ ልጆች ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ። እኛ «ምዋሊሙ» እንላቸዋለን፤ መምህር ማለት ነው።

መጀመሪያ ስንቀጣጠር በስልክ «ሳ ምቢሊ አሱቡሂ» አሉኝ። ሳ ሰዓት ነው፣ ምቢሊ ሁለት፣ አሱቡሂ ጠዋት። ከጠዋቱ 2 ሰዓት! በኪስዋሂሊ ሰዓት የሚቆጠረው እንደ እኛው ከንጋት ጀምሮ ነው። በእንግሊዝኛ 8 የሚሉት ለእነሱም ለእኛም 2 ነው። ትልቁ ልጄ «እንደኛ!» ብሎ ጮኸ። ምዋሊሙ ይህን ሲሰሙ በጣም ደስ አላቸው። ከዚያ በኋላ የምናውቀውን እየፈለጉ በዚያ በኩል ያስገቡን ጀመር። ሶኮ ገበያ ነው፣ የእኛ ሱቅ ዘመድ፤ ሁለቱም ከዓረብኛ የመጡ ናቸው። ሄሳቡ ያው ሒሳብ ነው።

ኪስዋሂሊ የሚከብደው ስሞቹ በየወገናቸው ስለሚሄዱ ነው። ስሙ ሲበዛ ፊቱ ይለወጣል፤ ቅጽሉና ግሱም ተከትለውት ይለወጣሉ። እሳቸው ይህን በማዕድ ቤት አስተማሩን። ማንኪያ አንድ ከሆነ ኪጂኮ፣ ሲበዛ ቪጂኮ። ሲኒው ኪኮምቤ፣ ሲበዛ ቪኮምቤ። ቢላዋው ኪሱ፣ ቪሱ። ወንበሩ ኪቲ፣ ቪቲ። ትንሿ ልጄ ጠረጴዛ ስታሰናዳ እያነሳች ትቆጥራለች። በሳምንቱ ከሁላችንም ቀድማ ያዘችው።

ገበያም ይዘውኝ ሄዱ። ሱኩማ ዊኪ የሚሉትን ጎመን እንድገዛ አደረጉኝ፤ ስሙ «ሳምንቱን ግፋ» እንደማለት ነው። ከኋላዬ ቆመው ዝም አሉ። ዋጋ ስጠይቅ፣ «ፑንጉዛ» ብዬ እንድትቀንስልኝ ስለምን አንድም ቃል አላገዙኝም። ያን ቀን ተናድጄባቸው ነበር። ዛሬ ግን ለዚያ ዝምታቸው አመሰግናቸዋለሁ።

ልጆቹ ከሰፈር ሼንግ ይዘው ይመጣሉ፤ የናይሮቢ ወጣቶች ኪስዋሂሊንና እንግሊዝኛን ቀላቅለው የሚናገሩት ማለቴ ነው። ምዋሊሙ አይቆጧቸውም። «ይህ ለጓደኞቻችሁ፣ ይህ ደግሞ ለኢንሻ» ይሏቸዋል። ኢንሻ ትምህርት ቤት የሚጽፉት ድርሰት ነው።

አሁን ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ወዳደረገኝ ነገር ልምጣ። በሁለተኛው ወር ከላይ ያሉት እናት ልጃቸው ሞተባቸው። ምዋሊሙ ለትምህርት መጥተው ሲሰሙ ደብተሩን ዘጉት። ባለቤቴ የማጽናኛ ጥቅስ እንዲተረጉሙለት ጠየቃቸው። «እሱ ይቆይህ። መጀመሪያ ፖሌ ማለትን ተማሩ» አሉት። ፖሌ ለወደቀ ሕፃን ይባላል። ከሥራ ደክሞ ለገባም ይባላል። ልጁን ለቀበረም ይባላል። እኛ «እኔን»፣ «አይዞህ»፣ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» የምንለውን ሁሉ በአንድ ቃል ይዞታል። ከዚያ አብረውን ወጡ። እናቲቱ አጠገብ አስቀመጡኝ። «ፖሌ ሳና፣ ማማ» አልኩ፣ ሳና «በጣም» ማለት ነው፤ ሌላ የምለው አልነበረኝም። እጄን ያዙኝና ስለ ልጃቸው ያወሩኝ ጀመር። ረጅም ሰዓት አወሩኝ። ግማሹን እንኳ አልተረዳሁም። ግን ወደ እንግሊዝኛ አልቀየሩልኝም።

ያን ማታ ቤት ገብተን አለቀስን።

ባለቤቴ ትምህርቱ ሲከብደው ምዋሊሙ የክራፕፍን ታሪክ ያነሱለታል። ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ እኛው አገር፣ ሸዋ፣ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን የቆየ ጀርመናዊ ሚሲዮናዊ ነው። ከዚያ ወጥቶ በፈረንጆቹ 1844 ሞምባሳ ገባ። በዚያው ዓመት ሚስቱንና አራስ ልጁን እዚያው ቀበረ። እንዲያም ሆኖ ቋንቋውን ተማረ፤ መዝገበ ቃላትም አዘጋጀ። ምዋሊሙ ይህን ሲነግሩን እንደ ቤተሰብ ታሪክ ነው።

እንግዲህ ለምትፈልጓቸው፦ ቤት ድረስ መጥተው ያስተምራሉ። ከልጆች ጋር ላለ ቤተሰብ ከሳቸው የሚሻል አላየሁም። የምስክር ወረቀት ብቻ ለሚፈልግ ግን አይሆኑም። ክፍያውን አስቀድመው ይነግሯችኋል፣ በኋላ አይጨምሩም፤ በሳምንቱ መጨረሻ በኤም-ፔሳ (በስልክ ገንዘብ መላኪያ) ትልኩላቸዋላችሁ። ሰዓት ያከብራሉ። ብታረፍዱም በሰዓታቸው ይወጣሉ፣ አትቀየሟቸው።

ምዋሊሙ፣ አሳንቴ ሳና፣ በጣም እናመሰግናለን። ጌታ ዕድሜና ጤና ይስጥልን።

አሁን ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ቦታ አላቸው። ስልካቸውን አደባባይ ላይ አላወጣም። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ሰፈራችሁንና የልጆቻችሁን ዕድሜ ጨምሩበት፣ እሳቸውን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ።